ምዕራፍ 7፦ ቀንበርና መስክ

አንዱን ሰው ያበረታ ረኀብ ሌላውን ይጥለዋል። አንዱን መንገደኛ ያጠነከረ ዳገት የሌላውን ጉልበት ይሰብራል። ልዩነቱ ከምን መጣ? «እገሌ ድሮውንም ጠንካራ ነው» ብሎ ማለፍ ጥያቄውን ገፋ ከማድረግ አያልፍም፤ ጥንካሬው ራሱ እንዴት እንደተሠራ አይነግረንም።

ጥያቄውን ይዘን ወደ ደቡብ ወሎ እንሂድ። ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዝን የሐይቅ ከተማን እናገኛለን። አጠገቧ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ ውሃ ተኝቷል። ቀድሞ ደሴት በነበረው፣ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር በተያያዘው ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ይገኛል። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ከደብረ ዳሞ መጥተው ገዳሙን የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል አደረጉት። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ለዓመታት የተማሩት እዚሁ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ከ1214 እስከ 1293 እ.ኤ.አ. ገደማ እንደኖሩ ይታመናል። ወደ ሰማንያ ዓመት የተጠጋ ዕድሜ ነው፤ ያውም በጾም፣ በስግደት፣ በሌሊት ቁመትና በገዳም ሥራ የተሞላ ዕድሜ። በምዕራፍ 3 የተራዘመ ጭንቀት ሰውነትን እንዴት እንደሚበላ አይተናል። በዚያ ስሌት እንዲህ ያለ ኑሮ ሰውን ቶሎ የሚያደክም ይመስላል። ሆኖም ከጭንቀት ጋር የማያመሳስለው አንድ ነገር አለው፤ ምዕራፉም የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው።

ወይፈን እንዴት ይገራል

ገበሬ ወይፈን ሲገራ ብቻውን አይጠምደውም። ማረስ ከለመደ ነባር በሬ ጋር ያጣምደዋል። የሚያስጀምረውም ቀድሞ በታረሰና በለሰለሰ መሬት ላይ ነው፤ ደረቅ ጠፍ መሬት አያስገባውም። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ትልም አውጥቶ ይፈታዋል። ወይፈኑ መስክ ወጥቶ ይግጣል፣ ያመሰኳል፣ ይተኛል። በሌላው ቀን ትንሽ ይጨመርለታል። በዚህ መሀል ቀንበሩ የሚያርፍበት ቆዳ ቀስ እያለ ይደድራል።

ችኩል ገበሬ ወይፈኑን በመጀመሪያው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ቢያውለው ያው ቆዳ ተልጦ ይቆስላል። ከዚያ በኋላ ወይፈኑ ቀንበር ባየ ቁጥር ይሸሻል። ጨርሶ ያልጠመደውም ቢሆን የሰባ ከብት እንጂ የሚያርስ በሬ አያገኝም።

ከዚህ ሦስት ነገሮችን እንያዝ፦ ጫናው ልክ አለው፤ ቀንበሩ በሰዓቱ ይፈታል፤ ጀማሪው ከነባር ጋር ይጠመዳል። ልክ፣ መፈታት፣ ጥንድ። የሰው ሰውነትም ሆነ የሰው ልብ የሚጸናው ሦስቱ ሲሟሉ ነው። ሦስቱንም በአንድ የዓመት ሥርዓት አዋሕዶ የያዘ ልማድ ደግሞ በሐይቅና በአምባሰል ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

ሰውነት ጫናን የሚቀበልበት መንገድ

ሐንስ ሴልዬ የተባለ በፕራግ ሕክምና ተምሮ በካናዳ የሠራ ሐኪም በ1936 እ.ኤ.አ. አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። በላቦራቶሪ አይጦች ላይ የተለያዩ ጫናዎችን ሞክሮ ነበር፤ ብርድ፣ ድካም፣ ጉዳት። ጫናው ቢለያይም የሰውነት አጸፋ ተመሳሳይ ሦስት ደረጃዎች እንዳሉት አየ። መጀመሪያ ሰውነት ይደነግጣል፣ ያለውን ኃይል ሁሉ ያሰልፋል። ቀጥሎ ይላመዳል፣ ይቋቋማል። ጫናው ሳያቋርጥ ከቀጠለ ግን በሦስተኛው ደረጃ ይዝላል፣ ይታመማል። በሁለተኛው ደረጃ የተገኘው ብርታት እንዲቆይ፣ ሰውነትም ወደ ሦስተኛው እንዳይንሸራተት የሚያደርገው በጊዜው መፈታት ነው።

ይህን በጡንቻ ላይ ማየት ይቻላል። ጡንቻ የቀጫጭን ክሮች ጥቅል ነው። ከለመደው በላይ ሲሠራ ከክሮቹ አንዳንዶቹ በዓይን በማይታይ መጠን ይጎዳሉ። ሥራው ሲያበቃ ሰውነት ከምንበላው ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ የሚያገኘውን ፕሮቲን (የአካል መገንቢያ) ወስዶ ክሮቹን ይጠግናል፤ ሲጠግናቸውም ከበፊቱ ትንሽ አጠንክሮ ነው። ይህ ጥገና ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ድረስ በተፋጠነ ሁኔታ ይካሄዳል። ሥራው ለጥገናው ትእዛዝ ይሰጣል፤ የሚፈጸመው ግን በዕረፍት፣ በምግብና በእንቅልፍ ጊዜ ነው።

አጥንትም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ በ1892 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ አጥንት ጫና በሚበዛበት በኩል እየጠነከረ፣ በማይሠራበት በኩል እየሳሳ እንደሚሄድ አስረድቷል። ፍጥነታቸው ግን አንድ አይደለም። ጡንቻ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ያሳያል፤ አጥንትና ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ወራት ይፈልጋሉ። «አሁንስ ቻልኩት» ብሎ በድንገት ብዙ የጨመረ ሰው ጉልበቱን ወይም ቁርጭምጭሚቱን የሚያመው ስለዚህ ነው። ጡንቻው ቀድሞ ሄዷል፤ ጅማቱ ገና አልደረሰበትም።

የግሸን ቁልቁለት

ግሸን ደብረ ከርቤ በአምባሰል ምድር፣ መስቀለኛ ቅርጽ ባለው አምባ ላይ ያለ ደብር ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ እንዳረፈበት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። በየዓመቱ መስከረም 21 ከመላ አገሪቱ የሚመጡ ምእመናን አምባውን ይወጣሉ። አንዳንዶቹ መንገዱን ሁሉ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም በመቋሚያና በምርኩዝ ይወጡታል።

ወደ ግሸን የሄደ ሰው የሚያስታውሰው ዳገቱን ነው። ጭኑን ለቀናት የሚያመው ግን ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ነው። ሽቅብ ስንወጣ የጭን ጡንቻ እየተኮማተረ ሰውነታችንን ያነሣል። ቁልቁል ስንወርድ ግን ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደታችንን መያዝ፣ እንደ ፍሬን ማዘግየት አለበት። እየተለጠጡ መሥራት ክሮቹን ይበልጥ ይጎዳል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፤ በማግስቱ ጀምሮ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይበረታል። ደረጃ መውረድ፣ በርጩማ ላይ መቀመጥ ጭንቅ ይሆናል።

በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ያሳዩት አስገራሚ ነገር ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያው ሰው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመሳሳይ ቁልቁለት ቢወርድ ሕመሙ በእጅጉ ይቀንሳል። አንድ ጊዜ የደረሰበትና በቂ ዕረፍት ያገኘ ጡንቻ ለሚቀጥለው ጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ስቅለት ዕለትም ይኸው ይታያል። በዐቢይ ጾም ሳምንታት በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሰግድ የከረመ ሰው የዓርቡን ረጅም ስግደት ተወጥቶ በማግስቱ በእግሩ ይሄዳል። ዓመቱን ሙሉ ጉልበቱን ሳያጥፍ ኖሮ በአንድ ቀን መቶ ጊዜ ልስገድ ያለ ሰው ግን በትንሣኤ ሌሊት ለመቆም ይቸገራል። ፍቅራቸው እኩል ሊሆን ይችላል፤ ዝግጅታቸው ግን እኩል አይደለም።

ረኀብም ሰዓት ያውቃል

ከጾም ቀናት ሁሉ የመጀመሪያው ሳምንት እንደሚከብድ ጾመኛ ሁሉ ያውቃል። ዘወረደ የሚባለው የዐቢይ ጾም መግቢያ ሳምንት ራስ ምታትና ብስጭት የሚበዛበት ነው። እስከ ጾሙ እኩሌታ፣ እስከ ደብረ ዘይት ግን ብዙ ሰው ይለምደዋል። ምን ተለወጠ?

አንደኛ፣ የነዳጁ ምንጭ። ሰውነት ለዕለት ሥራ የሚጠቀምበትን ስኳር በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያስቀምጣል። እራት ከተበላ ወዲያ ግማሽ ቀን ያህል ሲያልፍ ይህ ክምችት እየሳሳ ይሄዳል፤ ሰውነትም ስብ ወደ ማቃጠል ይሸጋገራል። ጉበት ከስብ ኪቶን የሚባል ነዳጅ ይሠራል፤ አንጎልም በከፊል በእሱ ይጠቀማል። እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በየዕለቱ ይህን ሽግግር ያልፋል። ሽግግሩ ሲደጋገም እየቀለለ ይመጣል።

ሁለተኛ፣ የረኀብ ደወል። ጨጓራ ግሬሊን የሚባል ሆርሞን (በደም የሚላክ መልእክት) ያመነጫል፤ መልእክቱ አንጎልን «ብላ» ይላል። ግሬሊን ሆድ ባዶ ሲሆን ብቻ አይጨምርም። ሁልጊዜ በምንበላበት ሰዓትም ይጨምራል። በ2 ሰዓት ቁርስ የለመደ ሰው በ2 ሰዓት ይራባል፤ ሰዓቱ ሲያልፍ ሳይበላም ረኀቡ በረድ ይላል። የመብያ ሰዓቱ ሲቀየር ደወሉም ቀስ በቀስ አዲሱን ሰዓት ይማራል። በምዕራፍ 5 ልማድ በአንጎል ውስጥ መንገድ እንደሚያወጣ አይተን ነበር፤ ሆድም የራሱ ልማድ አለው ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትልቅ ትምህርት ለልብ ነው። ጾመኛ ረኀብ ማዕበል መሆኑን፣ እንደሚነሣና እንደሚበርድ በራሱ ሰውነት ያውቀዋል። ያን ያወቀ ሰው ሌላ ስቃይ ሲመጣበትም «ይህም ያልፋል» የሚለውን ቃል ከአፉ ብቻ አይናገረውም።

የዓመቱ አሠራር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የጾም አቆጣጠር በሥልጠና ባለሙያ ዓይን ቢታይ የጫናና የዕረፍት መርሐ ግብር ሆኖ ይገኛል።

ከሳምንቱ እንጀምር። ረቡዕና ዓርብ ይጾማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ሐሙስ ይፈታል። በዐቢይ ጾም ውስጥ ደግሞ ከ55ቱ ቀናት 8 ቅዳሜዎችና 7 እሑዶች አሉ። ከመጨረሻው ቅዳሜ ከቀዳም ሥዑር በቀር በእነዚህ ቀናት ከሥጋና ከወተት መከልከል እንጂ እስከ 9 ሰዓት በባዶ ሆድ መዋል የለም። ስለዚህ 14 ቀናት ቀንበሩ ላላ ይላል። አምስት ቀን ጫና፣ ሁለት ቀን ማገገም፤ ዛሬ ለሯጮች ከሚወጣው የሳምንት ዕቅድ ብዙም የራቀ አይደለም።

ዓመቱም እንዲሁ ነው። ከ55ቱ ቀናት በኋላ በዓለ ሃምሳ ይመጣል። በእነዚህ 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾሙም፤ ስግደትም የለም። ሕጉ ጥንታዊ ነው፤ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት አባቶች በእሑድና በበዓለ ሃምሳ ምእመናን ሳይንበረከኩ ቆመው እንዲጸልዩ ደንግገዋል። ከዚያ ጾመ ሐዋርያት ይገባል፤ ነሐሴ ላይ የፍልሰታ ጾም፤ ኅዳር 15 ደግሞ ጾመ ነቢያት ይጀምራል። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ ኅዳር 26 የሚውለው በዚሁ ጾም ውስጥ ነው። ጫና ይመጣል፤ ይፈታል፤ እንደገና ይመጣል።

ልኩ ለሁሉም አንድ እንዳልሆነም ሥርዓቱ ያውቃል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ የማኅበር ኑሮን ያደራጀው ጳኩሚስ፣ እያንዳንዱ መነኩሴ እንደ አቅሙ እንዲበላ፣ ሥራውም እንደ አቅሙ እንዲመደብለት የሚያዝዝ ሥርዓት እንደተሰጠው ይነገራል። ሥርዓተ ጳኩሚስ ወደ ግእዝ ተተርጉሞ የአገራችንን ገዳማት ሕይወት ቀርጿል። የቤተ ክርስቲያን ቀኖናም የታመመና ሰውነቱ የደከመ ሰው ባለመጾሙ እንዳይወቀስ ይከላከላል።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ምእመን የሚጾመው ጡንቻ ለማፈርጠም አይደለም፤ ለንስሐና ለጸሎት ነው። ሳይንስ የሥጋን ጥቅም ሊለካ ይችላል፤ የነፍስን ዋጋ የሚለካበት ሚዛን የለውም። እዚህ ያልነው፣ ነፍስን ለማነጽ የተዘረጋው ሥርዓት ሥጋ የሚታነጽበትን ሕግ አለመጣሱን ነው።

ከነባር ጋር መጠመድ

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለብቻቸው አልጀመሩም። በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ሥር ሆነው ተማሩ። 15 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን ገደል በገመድ ተጎትተው በሚወጡበት በዚያ ደብር የገዳምን ኑሮ ከነባሮች ተቀበሉ። ከዚያ ሐይቅ ላይ እሳቸው ነባር ሆነው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን አስተማሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በተራቸው ኋላ ደብረ ሊባኖስ በተባለው ገዳማቸው ደቀ መዛሙርት አፈሩ። ጽናት እጅ በእጅ የተቀባበሉት ሙያ ሆነ።

ጥንድ ለምን ይጠቅማል? አንደኛው ምክንያት ልኩን የሚያውቅልን ሌላ ሰው መኖሩ ነው። ጀማሪ ሰው ወይ ይሰንፋል ወይ ያበዛዋል። ንስሐ አባት «ይህን ጨምር፣ ያን ቀንስ» ሲል ገበሬው ወይፈኑን በዓይኑ እየለካ እንደሚፈታው ነው። በሌሊት ማኅሌት ላይም ጀማሪው ዲያቆን ከጎኑ የቆመውን አዛውንት መሪጌታ እያየ ይጸናል፤ ብቻውን ቢሆን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በተቀመጠ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ትርጉምና ተስፋ ነው፤ አብሮን የተጠመደ ሰው ጫናው ማብቂያ እንዳለው በኑሮው ያሳየናል። ማርቲን ሰሊግማንና ስቲቨን ማየር በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ውሾች ቀላል የማይባል የኤሌክትሪክ ንዝረት ተሰጣቸው። አንዱ ቡድን በጭንቅላቱ ሰሌዳ ገፍቶ ንዝረቱን ማቆም ይችል ነበር፤ ሌላው ያንኑ ያህል ንዝረት ተቀበለ፣ ነገር ግን ምንም ቢያደርግ ማቆም አይችልም። ኋላ ሁለቱም ሊያመልጡ የሚችሉበት ቦታ ሲገቡ የመጀመሪያዎቹ ዘለው አመለጡ፤ ከሁለተኛዎቹ አብዛኞቹ ተኝተው ተቀበሉ። የሕመሙ መጠን እኩል ነበር። የሰበራቸው ማብቂያውን በእጃቸው አለማግኘታቸው ነው።

ጾመኛ ጾሙን በፈቃዱ ገብቶበታል፤ ለምን እንደሚጾም ያውቃል፤ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ያውቃል፤ ጎረቤቱም ከእርሱ ጋር ይጾማል። በወሎ ደግሞ ይህን አብሮነት የሃይማኖት አጥር አይከለክለውም። ክርስቲያኑ ለሙስሊም ጎረቤቱ የረመዳንን ማፍጠሪያ ሰዓት ያውቅለታል፤ ሙስሊሙም ለክርስቲያኑ የሁዳዴን ምግብ ለይቶ ያቀርብለታል።

ያልተመረጠ መከራ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ስለ ተመረጠና ስለ ተለካ ጫና ነው። ወሎ ሌላውንም ዓይነት በሚገባ ታውቀዋለች። የ1965 እና 1966 ዓ.ም. ረኀብ፣ የ1977 ዓ.ም. ረኀብ፣ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ እስከ ሐይቅ፣ ደሴና ኮምቦልቻ የዘለቀው ጦርነት ልክም ማብቂያ ቀንም አልነበራቸውም። እህል ያጣ ሰውነት ስቡን ከጨረሰ በኋላ ጡንቻውን፣ በመጨረሻም የልብ ጡንቻውን ሳይቀር ይበላል። ይህ ሥልጠና አይባልም፤ ጥፋት ነው። የተራበን ሰው «መከራ ያጠነክርሃል» የሚል ሰው የሰውነትንም የሃይማኖትንም ሕግ አያውቅም። ለተራበ ሰው የሚገባው እህል ነው።

በደህና ቀን የተሠራው ጽናት ታዲያ በክፉ ቀን ምን ይጠቅማል? መከራውን አያስቀርም። ሦስት ነገሮችን ግን ያስቀምጣል። የመጀመሪያው በእግር መራመድ የሚችል፣ ትንሽ ምግብ ይዞ የሚቆይ ሰውነት ነው። ሁለተኛው በድንጋጤ ውስጥም የሚቀጥል ልማድ ነው፤ የጸሎት ሰዓት ያለው ሰው የተፈናቀለ ዕለትም ቀኑን የሚይዝበት ምሰሶ አለው። ሦስተኛው ሰው ነው። የማኅበር ጽዋ አብሮ የጠጣ፣ በቅሬ (በእድር) ሐዘን አብሮ የተቀመጠ ጎረቤት በክፉ ቀን ሲፈለግ ይገኛል።

ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ አምስተኛ ምዕራፍ መከራን ከትዕግሥት፣ ትዕግሥትን ከፈተና፣ ፈተናን ከተስፋ ጋር ያያይዛል። ሰንሰለቱ በራሱ አይሠራም፤ በየቀለበቱ መካከል ጊዜ፣ ዕረፍትና ወገን ያስፈልጋሉ።

ከየት ይጀመር

አሁን ስላለንበት እንነጋገር። ጾም ተቋርጦበት የቆየ ሰው ከረቡዕና ዓርብ ቢጀምር፣ የሰዓቱንም ርዝመት በየሳምንቱ ትንሽ ቢጨምር ሰውነቱ ይከተለዋል። ስግደትም ቢሆን በምቾት ከሚችለው ቁጥር ይጀመር፤ ጉልበት ማግስቱን ካላመመ በሚቀጥለው ሳምንት ጥቂት ይጨመር። በእግር መሄድን ከቤተ ክርስቲያን መንገድ ጋር ማያያዝ ቀላሉ ስፖርት ነው፤ ቁልቁለት ካለበት ግን አስቀድሞ በአጭሩ መለማመድ ይሻላል።

የስኳር በሽታ ያለበት፣ መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስድ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም ሕፃናትና አቅማቸው የደከመ አረጋውያን ከሐኪማቸውና ከንስሐ አባታቸው ሳይመክሩ አይጀምሩ።

ጫናው ከልክ ማለፉን ሰውነት ራሱ ይናገራል። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሡ የልብ ምት ከወትሮው ከፍ ካለ፣ እንቅልፍ ከራቀ፣ በትንሽ ነገር መቆጣት ከበዛ፣ ጸሎቱም ሸክም ከሆነ ቀንበሩ የሚፈታበት ሰዓት ደርሷል። ሴልዬ በአይጦቹ ላይ ያየው ሦስተኛው ደረጃ በሩን ማንኳኳቱ ነው።

ትጉሆች የሚሳሳቱትም በዚህ በኩል ነው። ሰነፍ ሰው ጫናውን ይሸሻል፤ ትጉህ ሰው ደግሞ ዕረፍቱን ይንቃል፤ ዕረፍት ለደካማ የተተወ ምሕረት ይመስለዋል። ሥርዓቱ ግን እንዲህ አይልም። በዓለ ሃምሳ ለፈለገ የተፈቀደ አማራጭ አይደለም፤ ጾሙ በታዘዘበት ሥልጣን የታዘዘ ዕረፍት ነው። በትንሣኤ ማግስት «እኔስ ጾሜን እቀጥላለሁ» የሚል ሰው ሥርዓቱን አላጠበቀውም፤ አፍርሶታል።